ከዓባይ በረሃ የተለቀመ ዛጎል ዕድሜውን የሚናገረው ንብርብሩ ሲታወቅ ነው

ክቡር አዘጋጅ፤

በጋዜጣችሁ በቅርቡ ስለ ዓባይ በረሃ የድንጋይ ዛጎሎች የወጣውን ጽሑፍ በደስታ አነበብነው። ከጎንደር ተነሥቶ በደጀን በኩል ወደ አዲስ አበባ የሚሄድ መንገደኛ ሁሉ በአጠገቡ የሚያልፈውን ነገር ማንሣታችሁ መልካም ነው። ይሁን እንጂ ጽሑፉ ሦስት ነገር አሳስቷል። ዛጎሉ ከመንገድ ዳር መለቀሙን ነገረን እንጂ ከየትኛው ንብርብር እንደወጣ አልነገረንም። ዕድሜው «በካርቦን ምርመራ» እንደሚታወቅ ጻፈ። የመቀሌ አካባቢ የኖራ ድንጋይና የዓባዩ በመልክ ስለሚመሳሰሉ እኩያ ናቸው አለ። የትምህርት ቤት የሳይንስ ክበቦች ይህን አንብበው ከረጢት ይዘው ወደ በረሃው መውረዳቸው ስለማይቀር እርማቱ ቶሎ እንዲወጣ እንጠይቃለን።

ከካርቦኑ እንጀምር። ካርቦን 14 በየ5,730 ዓመቱ ግማሽ ግማሹ እየጠፋ ይሄዳል። 50,000 ዓመት አካባቢ ሲደርስ መሣሪያ አጥርቶ የሚለካው ነገር አይተርፍም። የዓባይ በረሃ የኖራ ድንጋይ ግን በጁራሲክ ዘመን፣ በደምሳሳው ከ150 ሚሊዮን ዓመት በፊት የተጣለ ነው። ከዚያ ዛጎል ውስጥ የቀረ ካርቦን 14 የለም። ላቦራቶሪው ቁጥር ጽፎ ቢመልስ እንኳ የለካው የዛጎሉን ዕድሜ አይደለም፤ በስንጥቁ የሰረገ ውሃ ያስቀመጠውን አዲስ ኖራ፣ የሣር ሥር ወይም የተለጠፈበትን ሙጫ ነው። ለዚህ ገንዘብ ማውጣት ኪሳራ ነው፤ ከኪሳራው የሚብሰው ደግሞ «40,000 ዓመት» የሚል ወረቀት ትምህርት ቤት ግድግዳ ላይ መሰቀሉ ነው።

ታዲያ 150 ሚሊዮን የሚለው ቁጥር ከየት መጣ? ከዛጎሉ በቀጥታ አልመጣም። የባሕር ቅሪተ አካል የሚሰጠን ቅደም ተከተል ነው፤ ቁጥሩን የሚሰጡት የእሳተ ገሞራ ዐመድ ውስጥ ያሉ ማዕድናት ናቸው። ዚርኮን በሚባለው ማዕድን ውስጥ ዩራኒየም ወደ እርሳስ፣ በፌልድስፓር ውስጥ ደግሞ ፖታሲየም ወደ አርጎን በታወቀ ፍጥነት ይለወጣል። በዓለም ላይ የሆነ ቦታ ዐመዱ ቅደም ተከተላቸው የታወቀ ዛጎሎችን በያዙ ሁለት ንብርብሮች መካከል ተኝቶ ሲገኝ፣ ለቅደም ተከተሉ ቁጥር ይታሰርለታል። ከዚያ በኋላ ያው ዛጎል ዐመድ በሌለበት አገር ቢገኝ ቁጥሩን ይዞ ይመጣል።

ለጎንደር ሰው ይህ እንግዳ አሠራር አይደለም። ከፋሲል በኋላ ጻድቁ ዮሐንስ፣ ከዮሐንስም በኋላ አድያም ሰገድ ኢያሱ እንደነገሠ ዓመተ ምሕረቱን የማያውቅም ያውቀዋል። ዓመት ያልተጻፈበት ብራና የንጉሡን ስም ካነሣ ቦታው ተገኘ ማለት ነው። ሆኖም ብራናው «በንጉሣችን በኢያሱ ዘመን» ብሎ ዝም ቢል፣ እ.ኤ.አ. ከ1682 እስከ 1706 የነገሠው ነው ወይስ ከ1730 እስከ 1755 የነገሠው የምንትዋብ ልጅ? ግማሽ ምዕት ዓመት ሊያሳስት ነው። በቅሪተ አካልም እንዲሁ ነው። ወገኑን ብቻ ለይቶ ዝርያውን ያልለየ ሰው «ኢያሱ» ብሎ እንዳቆመው ብራና ነው። በወገን ደረጃ ያለ ስም ብዙ ሚሊዮን ዓመት ሲሸፍን፣ በዝርያ ደረጃ ያለው አንዳንዴ ከአንድ ሚሊዮን ዓመት በታች ያጠብበዋል።

ዘዴው የተገኘው በሥራ ላይ ነው። እንግሊዛዊው ቀያሽ ዊልያም ስሚዝ የድንጋይ ከሰል ማመላለሻ ቦይ ሲያስቆፍር፣ በመልክ አንድ የሚመስሉ ንብርብሮች በውስጣቸው ባሉት ዛጎሎች እንደሚለያዩ አየ፤ በዚሁ መሠረት እ.ኤ.አ. በ1815 የእንግሊዝንና የዌልስን የሥነ ምድር ካርታ አሳተመ። ጀርመናዊው አልበርት ኦፐል ደግሞ ከ1856 እስከ 1858 የጁራሲክን ድንጋይ በአሞናይት (የተጠቀለለ ቅርፊት የነበረው፣ ዛሬ የጠፋ የባሕር እንስሳ) ዝርያዎች እየለየ በዞን ከፋፈለው። ዛሬም የምንሠራው በዚያው መንገድ ነው።

ጽሑፋችሁ «ዛጎል» ያለው አንድ ነገር አይደለምና እዚህ ላይ ቆም ማለት ያስፈልጋል። ለዘመን አመልካችነት የሚመረጠው ዝርያ ቶሎ ተነሥቶ ቶሎ የጠፋ፣ ሰፊ ባሕር ያዳረሰ፣ በብዛት የሚገኝና ለመለየት የማያስቸግር መሆን አለበት። የባሕሩ ወለል ጭቃ ይሁን አሸዋ ግድ ሳይለው መኖሩም ይፈለጋል። አሞናይት ይህን ሁሉ ያሟላል። ዋናተኛ ነበር፤ ከሞተም በኋላ በአየር የተሞላው ቅርፊቱ ተንሳፍፎ ርቆ ሊሄድ ይችል ነበር። ኦይስተር የተባለው ባለ ሁለት ክዳን ዛጎል ግን ከወለል ጋር ተጣብቆ ይኖራል። ጥልቀቱና ጨዋማነቱ ሲመቸው ይመጣል፣ ሳይመቸው ይሄዳል፣ እንደገና ይመለሳል። የኦይስተር ንብርብር «እዚህ ጥልቀት የሌለው ውሃ ነበር» ይላል እንጂ «መቼ» አይልም።

አሞናይትን ከቀንድ አውጣ የማይለይ ሰው ብዙ ነው። ሰፌድና የመሶብ ክዳን አጠገብ ለአጠገብ አስቀምጡ። ሁለቱም ከመሐል ተጀምረው እየዞሩ የተሰፉ ናቸው፤ ሰፌዱ ግን ጠፍጣፋ ሆኖ ይሰፋል፣ ክዳኑ ሾጥጦ ይወጣል። አሞናይት እንደ ሰፌዱ ነው፣ ቀንድ አውጣ እንደ ክዳኑ። ቀጥላችሁ ድንጋዩን በውሃ አርጥቡት፤ ብርሃን ከጎን እንዲመታው አዘንብሉት። ቅርፊቱ በተላጠበት ቦታ እንደ ጥልፍ ጠርዝ የተጥመለመለ፣ የጎመን ቅጠል ዳር የመሰለ መስመር በየተወሰነ ርቀት ሲደጋገም ካያችሁ፣ የውስጥ ክፍሎቹ ግድግዳ ከቅርፊቱ ጋር የተገናኘበት ስፌት ነው። አሞናይት ይዛችኋል። መስመሩ ለዘብ ያለ ማዕበል ብቻ ከሆነ ናውቲለስ ነው፤ የናውቲለስ ዘር እስከ ዛሬ ድረስ በሕይወት ያለና በረጅም ዘመን ጥቂት የተለወጠ በመሆኑ ለዘመን ልየታ ብዙ አይረዳም። ዝርያውን ለመለየት ከስፌቱ ሌላ የጎድን መስመሮቹን መቁጠር፣ አንዱ ለሁለት የሚከፈልበትን ቦታ ማየት፣ በውጭው ጠርዝ ላይ ሸንተረር መኖር አለመኖሩን መመርመር ያስፈልጋል። ለዚህ ነው ጠርዙ የተሰበረ አሞናይት ባለሙያንም የሚያስቸግረው፤ መዶሻ የያዘ ተማሪ ደግሞ መጀመሪያ የሚሰብረው ጠርዙን ነው።

በዓባይ በረሃ ግን አሞናይት እንደ ልብ አይገኝም። ተማሪዎች የሚያገኙት ባብዛኛው ባለ ሁለት ክዳን ዛጎልና ብራኪዮፖድ (እርሱም ሁለት ክዳን ያለው፣ ግን የሌላ ወገን የባሕር እንስሳ) ነው። እነዚህን መለየት ቀላል ነው፦ ብራኪዮፖዱን ከአናቱ እስከ ከንፈሩ መሐል ለመሐል ብትሰነጥቁት ግራና ቀኙ እኩል ነው፣ የላይኛውና የታችኛው ክዳን ግን አይመሳሰሉም። ባለ ሁለት ክዳኑ ዛጎል ባብዛኛው የዚህ ተቃራኒ ነው። ከብራኪዮፖዶቹ አንዱ፣ ሶማሊሪንኪያ የተባለውና ከንፈሩ በዚግዛግ የሚገጥመው፣ በአፍሪካ ቀንድና በአካባቢው በሰፊው ይታወቃል። ዓባይን ከሐረር ለማገናኘት ይጠቅማል። ኦፐል ዞኖቹን ካወጣበት ከአውሮፓ ጋር ለማገናኘት ግን በራሱ አይበቃም፤ የዚያን ጊዜው የእኛ ባሕር ለየት ያሉ የራሱ ዝርያዎች ነበሩትና። ስለዚህ ጥቂቷ አሞናይት ከብዙው ብራኪዮፖድ ጋር በአንድ ንብርብር ስትገኝ ዋጋዋ ከፍ ይላል። የአውሮፓውን መቁጠሪያ ከእኛው ጋር የምታስረው እርሷ ናት። አንዲት አሞናይት ንብርብሯ ሳይጻፍ ተነቅላ በሳሎን መደርደሪያ ላይ ስትቀመጥ የምናዝነውም ለዚህ ነው።

አሞናይት ከሌለ በተደራራቢ ዘመን እንሠራለን። ካሎቪያን፣ ኦክስፎርዲያንና ኪመሪጅያን በዚህ ቅደም ተከተል የሚከታተሉ የጁራሲክ ዘመን ክፍሎች ናቸው። አንዱ ዝርያ ከካሎቪያን እስከ ኦክስፎርዲያን፣ ሌላው ከኦክስፎርዲያን እስከ ኪመሪጅያን የኖረ ከሆነና ሁለቱ ከአንድ ንብርብር ከወጡ፣ ንብርብሩ ኦክስፎርዲያን ነው፤ በግምት ከ161 እስከ 155 ሚሊዮን ዓመት። አንድ ዛጎል ብቻውን የማይሰጠውን ጥበት አምስት ስድስት ዛጎል አብሮ ይሰጣል። ነገር ግን «አብሮ» ማለት ከአንድ ንብርብር ማለት እንጂ ከአንድ ከረጢት ማለት አይደለም።

ወደ ሦስተኛው ስሕተት እንምጣ። የመልክ መመሳሰል እኩያነትን አያሳይም። የጁራሲኩ ባሕር ወደ አገራችን የገባው ከደቡብ ምሥራቅ፣ ከኦጋዴን በኩል ነው፤ ወደ ሰሜን ምዕራብ የደረሰው ቀስ እያለ ነው። ኦጋዴን በውሃ ተሸፍኖ የኖራ ጭቃ ሲጣልበት፣ ሰሜኑ ገና አሸዋ የሚያወርድ የወንዝ አገር ነበር። ስለዚህ ከኖራ ድንጋዩ ሥር ያለው የአዲግራት አሸዋ ድንጋይ ጫፉ በሁሉም ቦታ እኩያ አይደለም። ያንኑ አሸዋ ድንጋይ ከኦጋዴን እስከ ትግራይ በአንድ ቀለም የቀባ ካርታ የድንጋዩን ዓይነት ያሳያል እንጂ አንድ ቀን አያሳይም። ስሙን የሰጠው ብላንፎርድ ነው፤ እ.ኤ.አ. በ1868 ወደ መቅደላ ከዘመተው የእንግሊዝ ጦር ጋር የመጣ የሥነ ምድር ባለሙያ ሲሆን፣ የሕንጣሎን (አንታሎ) የኖራ ድንጋይም ስም ያወጣለት እርሱ ነው። ስሙ የተሰጠው ለድንጋይ ዓይነት መሆኑን መርሳት ነው ስሕተቱን የሚወልደው። የመቀሌው የሕንጣሎ ድንጋይና የዓባዩ በከፊል እኩያ መሆናቸው እውነት ነው፤ ይህ የታወቀው ግን ሁለቱም ቢጫ ግራጫ ስለሆኑ ሳይሆን በውስጣቸው ባሉት ቅሪተ አካላት ነው።

ከደጀን ወደ ድልድዩ የሚወርድ ሰው ድርድሩን እንዲህ ያገኘዋል፦ ከአናት ባዛልት፣ ቀጥሎ የላይኛው አሸዋ ድንጋይ፣ ከሥሩ የኖራ ድንጋዩ፣ ከዚያ የጎሃ ጽዮን ጂፕሰምና ሼል (ከጭቃ የተሠራ፣ በስሱ የሚላጥ ድንጋይ)፣ ወንዙ አጠገብ የአዲግራት አሸዋ ድንጋይ። የላይኛውና የታችኛው አሸዋ ድንጋይ ተማሪን ያምታታሉ፤ ቁራጭ ብቻ ይዞ ለመጣ ለእኛም ያስቸግሩናል። የሚለያቸው ከኖራ ድንጋዩ በላይ ወይም በታች መሆናቸው ነው። በዚህ አጋጣሚ፣ ዛጎሎቹን ከጥፋት ውሃ ጋር የሚያያይዝ አስተያየት ከብዙ ሰው ስለምንሰማ፣ ጂፕሰሙን ልብ እንዲሉት እንለምናለን። ጂፕሰም የሚጣለው የባሕር ውሃ አብዛኛው ተኖ ጨዋማነቱ ሲበረታ ነው። በድርድሩ ውስጥ ደጋግሞ መገኘቱ ባሕሩ እየመጣ እየደረቀ መኖሩን ያሳያል፤ የአንድ ጊዜ ጎርፍ ሥራ አይደለም።

የጎንደር ነዋሪ ደግሞ ይህን ይወቅ፦ ከተማችን የቆመችው በባዛልት ላይ ነው፤ የፋሲል ግንብም ድንጋይ ከዚሁ ነው። የሰሜን ኢትዮጵያ ባዛልት አብዛኛው 30 ሚሊዮን ዓመት አካባቢ የፈሰሰ ነውና የባሕር ዛጎል አይገኝበትም። ከአዘዞ ወይም ከጠዳ ማሳ ላይ «የባሕር ዛጎል አገኘሁ» የሚል ሰው ቢመጣ፣ ድንጋዩ በሰው እጅ የመጣ ነው ወይም ዛጎል አይደለም። ጭልጋ ላይ በባዛልቱ መካከል ከድንጋይ ከሰል ጋር ያለው ደለል ብዙ ቅሪተ አካል አለው። እርሱ ግን የየብስ ነው፤ የጥንት የዝሆን ዘመዶችና ዕፅዋት የወጡበት፣ 27 ሚሊዮን ዓመት አካባቢ የሆነው። ዕድሜው የተለካውም በእሳተ ገሞራ ዐመዱና በድንጋዩ መግነጢስ እንጂ በባሕር ዛጎል አይደለም።

አሁን ወደ ሥራው። ቅሪተ አካል በሕግ ቅርስ ነውና ፈቃድ ያስፈልጋል። ፈቃዱ ከተገኘ በኋላ መለቀም ሳይሆን መለካት ይቀድማል። በየ10 ሳንቲ ሜትር የተመለከተበት 1.5 ሜትር ዘንግ ይበቃል። ከታች ተጀምሮ ወደ ላይ ይለካል፤ ንብርብሩ ያዘነበለ ከሆነ ዘንጉ ለንብርብሩ ቀጥ ብሎ ይያዛል እንጂ ለመሬቱ አይደለም፤ አለዚያ ውፍረቱ በሐሰት ይበዛል። ዛጎሉ ከዐለቱ ሳይነቀል ፎቶ ይነሣ፣ መለኪያ አጠገቡ ይቀመጥ፣ ወደ ላይ የሚያመለክት ቀስት በማርከር ይሣልበት። ሁለት ወረቀት ይጻፍ፤ አንዱ በእርሳስ ተጽፎ ከረጢቱ ውስጥ ይገባል፣ ሌላው ውጭ ይለጠፋል። እስክሪብቶ በእርጥበት ይጠፋል፣ እርሳስ አይጠፋም።

መሬት ላይ ወድቆ የተገኘ ዛጎል ለብቻው ይያዝ። በዓባይ ቁልቁለት ድንጋይ ይንከባለላል፤ ወደ ላይ ግን አይንከባለልም። የወደቀ ዛጎል የሚነግረን አንድ ነገር ብቻ ነው፦ ከቆምንበት ወይም ከዚያ በላይ ካለ ንብርብር መጥቷል። መንገድ ሲጠረግ በመኪና የተደፋ ከሆነ ይህንንም አይነግረንም። ጽሑፋችሁ ፎቶውን ያወጣው ዛጎል ከዚህ ወገን ነው።

ለስለስ ባለው ማርል (ኖራና ሸክላ የተቀላቀለበት ድንጋይ) በየ50 ሳንቲ ሜትሩ ግማሽ ኪሎ ያህል ይወሰዳል፤ በዐይን የማይታዩት ፎራሚኒፌራዎች (ቅርፊት ያላቸው ረቂቃን የባሕር ፍጥረታት) ያሉት እዚያ ነው። ናሙናው በጥፍር ልክ ይሰባበራል፣ ከ60 ዲግሪ ባልበለጠ ሙቀት ይደርቃል፣ ከዚያ ጥቂት ሶዲየም ካርቦኔት ባለበት ውሃ ይነከራል። ደርቆ መነከሩ ዋናው ነገር ነው፤ እርጥቡ ጭቃ አይፈርስም። ሲፈርስ በ63 ማይክሮን ወንፊት ላይ በቀስታ ይታጠባል፣ የቀረው ይደርቅና በማይክሮስኮፕ ሥር በረጠበ ቀጭን ብሩሽ ይለቀማል። እዚህ ላይ የሚበላሸው ወንፊቱ ነው። ካለፈው ናሙና አንዲት ቅንጣት ከቀረች የሌላ ዘመን ምስክር ሆና ትገባለች። መድኃኒቱ ቀላል ነው፤ በየናሙናው መካከል ወንፊቱን ሜቲሊን ብሉ በተባለ ሰማያዊ ማቅለሚያ ውስጥ መንከር። ቀርቶ የነበረው ሁሉ ሰማያዊ ሆኖ ስለሚወጣ ለቃሚው ይተወዋል። ጠጣሩ የኖራ ድንጋይ ግን አይፈርስም፤ ተቆርጦ በመስታወት ላይ ተለጥፎ 0.03 ሚሊ ሜትር እስኪሆን ይፈገፈግና ኩርኑቢያን የመሰሉ ፎራሚኒፌራዎች በቁርጣቸው ይለያሉ። አሲድ ውስጥ ከትቶ ኮኖዶንት (ጥርስ መሰል ቅሪታቸው ለዘመን ልየታ የሚያገለግል የጥንት የባሕር እንስሳት) መፈለግ ለዚህ ድንጋይ ከንቱ ድካም ነው፤ ኮኖዶንቶች ከጁራሲክ በፊት፣ በትራያሲክ ማብቂያ ጠፍተዋል።

ሁሉ ተስተካክሎም ስሕተት ይመጣል። የከፋው የተዘዋወረ ቅሪተ አካል ነው፦ ከፈረሰ የጥንት ግንብ የተነሣ ድንጋይ በአዲስ አጥር ውስጥ እንደሚገባ፣ ከቆየ ንብርብር የታጠበ ዛጎልም በአዲሱ ይቀበራል። ጠርዙ የተፋቀና የተድቦለቦለ፣ ውስጡን የሞላው ጭቃ ከውጭ ከከበበው የተለየ ዛጎል ይጠረጠር። ንብርብሩን ከሚገኙት መካከል ከሁሉ በኋላ የተነሣው ዝርያ ይዳኘው፤ ንብርብሩ ከእርሱ ሊቀድም አይችልምና። ሁለተኛው «አላገኘሁትም» ማለትን «አልነበረም» አድርጎ መውሰድ ነው። ብርቅ ዝርያ ከመጥፋቱ በፊት ብዙ ሜትር ቀድሞ ከእጅ ሊያመልጥ ይችላል። በጉድጓድ ቁፋሮ ደግሞ ከላይ ያለው ግድግዳ እየፈረሰ ከታች ከሚወጣው ዱቄት ጋር ይቀላቀላል። ስለዚህ ቆፋሪዎች ወደ ታች ሲወርዱ የአንድ ዝርያ መጀመሪያ ብቅ ያለበትን ጥልቀት፣ ማለትም በዘመን ሲቆጠር የመጨረሻ መገኛውን ያምናሉ፤ የታችኛውን ጫፍ አያምኑም።

ይህ ሁሉ ለምሁር ብቻ አይደለም። በኖራ ድንጋዩ ላይ የውሃ ጉድጓድ የሚያስቆፍር ወረዳ መሰርሰሪያው ከሥር ወዳለው ጂፕሰም ከገባ ውሃው ሰልፌት ይበዛበትና መራራ ይሆናል። አንድ የታወቀ የዛጎል ንብርብር ከጂፕሰሙ ስንት ሜትር በላይ እንደሆነ በአካባቢው ተለክቶ ከተመዘገበ፣ ቆፋሪው ዛጎሉን ሲያይ የት ማቆም እንዳለበት ያሰላል። ለሲሚንቶ የሚሆን ድንጋይ ለሚፈልግም እንዲሁ።

ክቡር አዘጋጅ፤ የምንጠይቀው እርማቱን ከማውጣት ጋር ይህን የወረቀት ናሙና አብራችሁ እንድታትሙልን ነው። ክበቦች ቆርጠው ይጠቀሙበት፦

ቦታ፦ ዓባይ በረሃ፣ በደጀን በኩል። የጂፒኤስ ነጥብ፦ ……
የንብርብር ቁጥር፦ …… ከመነሻው ከፍታ፦ …… ሜትር
ድንጋዩ፦ ማርል / ጠጣር የኖራ ድንጋይ / ሌላ ……
ከዐለቱ የተነቀለ ወይስ ወድቆ የተገኘ፦ ……
አብረውት የተገኙ፦ ……
ቀንና የለቃሚው ስም፦ ……

ከአክብሮት ጋር፣
የሥነ ምድር መምህራን፣ ጎንደር